መሪው ላይ ማን ነበር

ጁን 27፣ ፒሬየስ ወደብ

ደብተሩን የገዛችልኝ አሲሚና ናት። «ሠላሳ አራት ዓመት የመርከብ መዝገብ ስትሞላ ኖረህ አሁን የምትጽፈው አጥተህ እኔን እንዳትመዘግበኝ» አለች። ሚስቴ ናት፤ ትናገራለች።

ለመዝገቡ ያህል፦ ስሜ ስትራቲስ ሙዛኪስ፣ ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት። መቶ አርባ ሜትር የሚረዝም የመንገደኞች መርከብ አዛዥ ነበርኩ። አሁን አሥራ አንድ ሜትር የምትረዝም ባለ ሸራ ጀልባ አዛዥ ነኝ። በእናቴ ስም ኤቫንቲያ ብያታለሁ። የጀልባዋ ሠራተኛ አንድ ነው፤ እሱም አሲሚና። ከነገ ወዲያ ወደ ትውልድ ደሴቴ ወደ ሊማሪ እንነሳለን።

የምንሄደው ለሽርሽር አይደለም። ዘንድሮ ተራችን ነው። በእመቤታችን በዓል፣ ኦገስት 15፣ ሥዕሏ ከመንደሩ ወደብ ተነስታ ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ ደሴት ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በጀልባ ትሄዳለች፤ ቀትር ላይ ትመለሳለች። የሚወስዳት በየዓመቱ አንድ ቤተሰብ ነው፤ በራሱ ጀልባ፣ መሪውን የቤተሰቡ ሰው ይዞ። ቤተሰቦቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። ባለፈው ተራችን አባቴ ነበር የነዳው። እኔ ያን ቀን ሁለት ሺህ ቱሪስት ጭኜ ወደ ሌላ ደሴት እየሄድኩ ነበር። አባቴ አልተቀየመኝም። አልተቀየምኩህም ብሎ ሦስት ጊዜ ነግሮኛል።

ጀልባ የሌለው ቤተሰብ ተራው ያልፈዋል። የሚቀጥለው ሲደርስ ዘጠና ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለዚህ ጀልባ ገዛሁ።

የዓይን ሐኪሙ የሰጠኝን ወረቀት ከካርታዎቹ ሥር፣ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጫለሁ። በካሬ የተሰመረ ወረቀት ነው፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። በየጠዋቱ አንድ ዓይን ሸፍኜ ነጥቡን ማየት አለብኝ። መስመሮቹ ከተጣመሙ ወይም ነጥቡ ከጠፋ መሪ እንዳልነካ፣ ቶሎም እንድመለስ ነግሮኛል። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ይጠነቀቃል። አሲሚናን በማይረባ ነገር አላስጨነቅኳትም።

ጁላይ 2፣ ባሕር ላይ

ሰሜን ነፋስ፣ ጠንከር ያለ። አሲሚና ታማለች። ባልዲ ታቅፋ አልታመምኩም ትላለች። ነጥቡ አለ። በግራ ዓይን ፈዘዝ ይላል። ጨው ነው።

ጁላይ 4፣ ሊማሪ

ደረስን። ስለ አደራረሳችን ብዙ ባይጻፍ ይሻላል፤ ግን መዝገብ መዝገብ ነው።

እንደ ደንቡ መልሕቁን ራቅ አድርገን ጥለን፣ የጀልባዋን ጀርባ ወደ ወደቡ ግንብ አዙረን ወደ ኋላ እየገባን ነበር። መሪው ላይ እኔ፣ ፊት መልሕቁ ጋ አሲሚና። ትልቅ መርከብ ላይ የመልሕቅ ሰንሰለት በሜትር አይቆጠርም። በቁልፍ ነው የሚቆጠረው፤ አንድ ቁልፍ ሃያ ሰባት ሜትር ተኩል ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ያልኩትን አልኩ፦ «ሁለት ቁልፍ ወደ ውኃ!»

አሲሚና ታዛዥ ሴት አይደለችም። ያን ሰዓት ግን ታዘዘች። የኤቫንቲያ ሰንሰለት በጠቅላላው ሃምሳ ሜትር ነው። ጫፉ ከጀልባዋ ጋር መታሰር ነበረበት። ማሰር የነበረበት አዛዡ ነው። ሰንሰለቱ አለቀና ጅራቱን ወዝወዝ አድርጎ መልሕቁን ተከትሎ ሄደ።

የቡና ቤቱ ሰዎች ወንበራቸውን ቀድመው ወደ ባሕሩ አዙረው ነበር። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር።

ቫርሳሞስ ጠልቆ አወጣልን። ቫርሳሞስ አብሮኝ የተማረ ዓሣ አጥማጅ ነው። የበዓሉ ተራ በሚጻፍበት መጽሐፍ ከእኛ ቀጥሎ ያለው የሱ ቤት ስለሆነ ጤንነቴን ከማንም በላይ ይከታተላል።

«ካፒቴን» አለኝ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ «መርከብህ ላይ መልሕቅ የሚጥል ስንት ሰው ነበረህ?»

«አራት።»

«እዚህ ያለችህ አንዲት ሴት ናት፤ እሷንም በጩኸት አደነቆርካት።»

«እኔስ እሰማለሁ» አለች አሲሚና። «ጆሮ አይደለም የቸገረን።»

ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። ደክሟት ነበር።

ጁላይ 7

ለልምምድ ወጥተን ተመለስን። የቫርሳሞስን ጀልባ ትንሽ ነካናት። ትንሽ የሚለው ቃል የኔ ነው።

አሲሚና አዲስ አመል አምጥታለች። መልሕቁን ትጥልና እየሮጠች ወደ ኋላ መጥታ «አምስት ሜትር! አራት! ሦስት!» ትላለች። «አያለሁ እኮ» አልኳት። «ታያለህ፤ እኔ ለራሴ ነው የምቆጥረው» አለች።

ጁላይ 11

ነፋስ። አልወጣንም። ነጥቡ በቀኝ ዓይን ደህና። በግራ አልፈለግኩትም።

ጁላይ 15

አንድ ወር ቀረ። ወረቀቱን ሳወጣ በተቃራኒው ታጥፎ አገኘሁት። እኔ መስመሩን ወደ ውስጥ አድርጌ ነው የማጥፈው፤ ይኼ ወደ ውጭ ነው። አጣጠፌን ረስቼ ይሆናል። ሰው ሲያረጅ ይረሳል። አርጅቻለሁ ማለቴ አይደለም።

ጁላይ 19

ከዳቦ ቤት ስመለስ ቫርሳሞስና ቄስ ሊናርዶስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወዲያ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። ቄሱ አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ከሌላ ደሴት ነው የመጡት፤ ደህና ሰው ናቸው።

«ባሕር ውስጥ ቢጨምራትስ?» ይላል ቫርሳሞስ።

«እመቤታችን ከዚህ የባሰ አይታለች።»

«እሷማ አይታለች፤ የማያየው እሱ ነው። አባ፣ ልጆቹ ግንቡ ላይ ይቀመጣሉ እኮ።»

«እስቲ ሚስቱን አነጋግራት» አሉ ቄሱ።

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልሰማሁም። ዳቦው ሞቃት ስለነበር ቆሜ አልቀረሁም።

ጁላይ 20

ቫርሳሞስ ለተራው ብሎ ነው። እንዲያልፈኝ ይፈልጋል። በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ቆሞ ይገፋኝ ነበር።

ጁላይ 23

ጥሩ ዜና። ዛሬ ነጥቡን በግራ ዓይኔም አየሁት። አንገቴን ዘንበል ሳደርግ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ትልቅ፣ ደማቅ፣ ቀይ። ማረፍ ጠቅሞኛል ማለት ነው። ከነጥቡ ሥር የጉንዳን ሰልፍ የሚመስል ነገር ወጥቷል፤ ወረቀቱ ረጥቦ ይሆናል።

በደስታ ኤቫንቲያን ሁለት ጊዜ አውጥቼ ሁለት ጊዜ አስገባኋት። በሁለተኛው ግንቡን አልነካሁም ማለት ይቻላል።

ማታ፦ ነጥቡ በፊት ጥቁር ነበር።

ጁላይ 24

አሲሚና ቀይ እስክሪብቶ አላት። የጋዜጣ እንቆቅልሽ የምትሞላበት ነው። ካርታ ማያው ማጉያ መነጽር እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ጉንዳን ለማየት ማጉያ አይወጣም።

ቀኑን ሙሉ ስለ ቲማቲም አወራን። ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ የቆዳው ውፍረት ብቻ። ይኼን ያህል ስለ ቲማቲም የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ጁላይ 29

ጮህኩባት። ገመዱን በግራ ጣለች፤ በቀኝ ብያት ነበር። በኋላ ቆሜ ሳስበው በግራ ነበር ያልኳት። እጇ በገመዱ ተልጧል። እጇን ሰጠችኝ፤ ቅባት ቀባሁላት። መርከብ ላይ ማንም በእኔ ትእዛዝ ተጎድቶ አያውቅም። ይኼን እየደጋገምኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ዛሬ ግን አልረዳኝም።

ኦገስት 1

የፍልሰታ ጾም ገባ። ዘይት እንኳ የለም። ቅዳሴ ሄጄ ስመለስ ኤቫንቲያ ልክ ቦታዋ ላይ ናት፤ ግን ትቻት ስሄድ ከግንቡ አንድ ሜትር ተኩል ርቃ ነበር። አሁን ግማሽ ሜትር ላይ፣ ቀጥ ብላ፣ በሁለቱ ጎረቤት ጀልባዎች ልክ መሃል ቆማለች። ሞተሩን በእጄ ነካሁት፤ ሞቃት ነው።

«ማን አንቀሳቀሳት?»

«ነፋሱ ይሆናል» አለች አሲሚና፤ ሽንብራ እየለቀመች። ፀጉሯ የባሕር ውኃ ነክቶታል።

ቫርሳሞስ ግንቡ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። እሱም ረጥቧል።

የዚህ ደሴት ነፋስ ከእኔ አሳምሮ ያስራል።

ኦገስት 5

ነፋሱ ዛሬም ኤቫንቲያን አንቀሳቅሷታል። እኔ ፀጉር ቤት ሳለሁ። ፀጉር ቆራጩ ሁለት ጊዜ «ትንሽ ይቆዩ፤ ከኋላ አልተስተካከለም» አለኝ። ከኋላ ፀጉር የለኝም።

ኦገስት 9

ሰሜኑ ሲነፍስ አራተኛ ቀኑ ነው። ከወደቡ ወጥተን ከደቡቡ ገደል ሥር ተጠልለናል። ሰው የለም፤ እኔና እሷና ፍየሎች።

ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሌላ የምሠራው የለኝም።

ሳንወጣ በፊት ጠዋት ግንቡ ላይ ቆሜ ጠርዙን አየሁት። ያን ግንብ ከሠሩት ሰዎች አንዱ አያቴ ነው። ገመድ ወጥረው በገመዱ ነው የደረደሩት፤ ቀጥ ያለ መሆኑን በደሴቱ የማያውቅ የለም። በግራ ዓይኔ ጎበጠ፤ ለምጄዋለሁ። ግራውን ሸፍኜ በቀኙ አየሁት። ጎበጠ።

ቆሜ ቀረሁ። ዓይኔን አሸሁ፣ ታጠብኩ፣ እንደገና አየሁ። የአያቴን ግንብ ማን አጎበጠው ብዬ የምጠይቀው ሰው የለም።

ፈራሁ። እዚህ ማንም ስለሌለ እጽፈዋለሁ፤ ፈራሁ። በማዕበል ውስጥ ሺህ ሰው ይዤ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። ያኔ የማላየው ነገር ቢኖር የሚያይልኝ መሣሪያ ነበር፤ የሚነግረኝ ምክትል ነበር። ምክትሌ ሲነግረኝ አላፍርም ነበር፤ ሥራው ነው።

ማዕድ ላይ አሲሚና ሹካዋን አስቀመጠች።

«ስትራቲስ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?»

«የለም።»

«እሺ። ሲኖር አለሁ። ጀልባዋ አሥራ አንድ ሜትር ናት፤ የት እሄዳለሁ?»

ከዚያ ወይራውን ወደኔ ገፋ አደረገችልኝ። ፍሬውን ከሳህኑ ሳይሆን ከጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ ለመውሰድ ሞከርኩ። እጄን ያዘችና ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ስለ ቲማቲም አወራን።

ለምን አልነግራትም? ብነግራት ተራው ያልፋል ብዬ ነው። ለአባቴ አልደረስኩም፤ አሁን ደግሞ በራሴ ተራ ግንቡ ላይ ከሰው ጋር ቆሜ ቫርሳሞስ ሲነዳ ልመለከት ነው? ስድስት ቀን ነው የቀረው። አንድ መግባትና አንድ መውጣት። ከዚያ በኋላ ዓይኔ እንደፈለገው ይሁን።

ልጆቹ ግንቡ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው መቀመጥ ይወዳሉ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነው ያደግኩት። ይኼን ዛሬ ብዙ ጊዜ አሰብኩት።

ኦገስት 12

ወደ መንደሩ ተመለስን። ያስገባችው አሲሚና ናት። ወገቤን አሞኛል አልኳት። «አይዞህ» አለች። ግንቡን አልነካንም። ቡና ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌሎቹ ዝም አሰኙት።

ኦገስት 14

ሁሉም ተዘጋጅቷል። ኤቫንቲያን አጥበናታል፤ ባንዲራዎቹ ተሰቅለዋል። ቄሱ መጥተው «ካፒቴን፣ ደህና ነዎት?» አሉኝ። «ደህና ነኝ አባታችን» አልኩ። «ወገብዎስ?» «ተሻለኝ።» «የተራው መጽሐፍ ስለ ነጂው የሚለው ከቤተሰቡ የሆነ ሰው ነው እንጂ ወንድ አይልም፤ አይቼዋለሁ» ብለው ሄዱ። ማን ጠየቃቸው?

ኦገስት 15

ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሏን አመጧት። ቄስ ሊናርዶስ በነጭ ጨርቅ ታቅፈዋት ሊገቡ ሲሉ ጫማዎን ያውልቁ አልኳቸው፤ በጀልባዬ ወለል ላይ ጫማ አይገባም። አወለቁ። ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ አለው። ያን ያህል አያለሁ።

መሄዱ ቀላል ነበር። ክፍት ባሕር ላይ ምንም ቀጥ ያለ ነገር ስለሌለ የሚጎብጥም የለም። ትንሿ ደሴት ደረስን፣ ጸሎት ተደረገ፣ ቀትር ላይ ተመለስን። ሰሜኑ ግን ተነሳ፤ ከጎን ነበር የሚገፋን።

የወደቡን ጫፍ ዞረን ወደ ውስጥ ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ የባሰበት መሰለኝ። ጠዋት ስንወጣ ግንቡ ላይ አሥራ ስምንት ጀልባ ታስሮ ነበር። አሁን አንድም የለም። ሁሉም ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ጥለው ተኮልኩለዋል፤ የቫርሳሞስም ጭምር። ግንቡ ከዳር እስከ ዳር ተለቆልኛል። መቶ አርባ ሜትር ይሆናል። መርከቤን ማስገባት እችል ነበር።

በእመቤታችን ቀን ዓሣ ሊያጠምድ የሚወጣ ሰው የለም። ስለዚህ ዳቦ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ቡና ቤቱም ያውቁ ነበር። ምስጢሩን ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አፈርኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ከዚያ ተናደድኩ፤ ማን ለምኗቸው ነው? ከዚያ አሥራ ስምንት ሰው በበዓሉ ጠዋት፣ በአዲስ ሸሚዙ፣ ለእኔ ብሎ መልሕቅ ሲጎትት ታየኝና ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ቄሱ ወደ ሌላ በኩል አዩ።

ጀልባዋን አዙሬ በጀርባዋ ወደ ግንቡ መግባት ጀመርኩ። ግንቡ ላይ የቆመውን ሰው ጫፍና ጫፍ አያለሁ፤ ነጭ ሸሚዞች፣ የሴቶች ቀሚስ። መሃሉ ላይ፣ ጀርባችንን ማስገባት ባለብኝ ቦታ ላይ፣ ምንም የለም። ግራጫ ነው። በዚያ ግራጫ ውስጥ እግራቸውን ያንጠለጠሉ ልጆች ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።

ሞተሩን ገታሁት።

«አሲሚና!»

ፊት መልሕቁ ጋ ቆማ ነበር። ዘወር አለች።

«አላይም» አልኳት።

አንዲት ቃል ናት፤ ሰባት ሳምንት ፈጀችብኝ።

እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ መጣች፤ በትከሻዋ ገፋ አድርጋኝ መሪውን ያዘች። «ሂድ ፊት፤ መልሕቁ ያንተ ነው።» በሕይወቴ መልሕቅ ጥዬ አላውቅም። «ይጣል!» ነው የምለው።

«ሠላሳ ሜትር!» ብላ ጮኸች።

«ስንት ቁልፍ ነው?» አልኩ። ለቀልድ አልነበረም፤ አፌ ነው።

«ሜትር ነው ያልኩህ!»

መንደሩ ሁሉ ሰማ። በዚህ ጊዜ ሳቁ። ደስ አለኝ።

ሰንሰለቱን ለቀቅኩ። የኋላውን ገመድ የሚወረውር ሰው ስላልነበረ ቄስ ሊናርዶስ በአንድ እጃቸው ሥዕሏን አቅፈው በሌላው ወረወሩት። ቫርሳሞስ ከግንቡ ቀለበው። ግማሽ ሜትር ላይ ቀጥ ብለን ቆምን። ልጆች ነበሩ። ስድስት። አሲሚና ነው የነገረችኝ።

በቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፉን አወጡት። የእያንዳንዱ ቤት ገጽ ለብቻው ነው። የእኛ ላይ የመጨረሻው ስም የአባቴ ነው፤ በጣቴ አሳዩኝ አልኩና ጣቴን አስቀመጡልኝ።

«መሪው ላይ ማንን ልጻፍ?» አሉ ቄሱ።

«አሲሚናን።»

አንዱ ሽማግሌ «እሷ በትውልድ ሙዛኪስ አይደለችም» አለ። ተራው ቢያልፈን የሚደርሰው ለቫርሳሞስ ቤት ነው፤ ሁሉም ወደሱ ዞረ።

«አርባ ዓመት የዚህን ሰውዬ ጩኸት ሰምታ ሙዛኪስ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?» አለ ቫርሳሞስ። «ይጻፉ አባ፤ ጀልባዬን ወደ ቦታዋ ልመልስ።»

ቄሱ እየጻፉ ጮክ ብለው አነበቡልኝ፦ መሪው ላይ አሲሚና፣ መልሕቁ ላይ ስትራቲስ። በዚህ መጽሐፍ መልሕቅ የጣለ ሰው ተጽፎ አያውቅም ነበር።

ስንወጣ አሲሚና ክንዴን ይዛ «ሰንሰለቱን ሁለት ሜትር አሳንሰህ ነው የለቀቅከው» አለችኝ።

ኦገስት 16

ነገ በመንገደኞች መርከብ ወደ ፒሬየስ፣ ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን። መንገደኛ ሆኜ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ኤቫንቲያን ቫርሳሞስ ይጠብቅልናል፤ በነጻ እንዳይመስለኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት በሱ ተራ ገመድ እንድይዝለት ነው።

ጠዋት አሲሚና ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ወረቀቱን አወጣሁ። ማጉያ መነጽሩንም አወጣሁ። መስኮቱ ጋ ይዤው ሄጄ፣ ቀኝ ዓይኔን በጎን አድርጌ፣ ከቀዩ ነጥብ ሥር ያሉትን ጉንዳኖች አንድ በአንድ አየኋቸው። ረጅም ጊዜ ፈጀ። የሷ ጽሕፈት ነው፤ ቀኑ ጁላይ 23።

«ይህን ማንበብ ከቻልክ መሪው ያንተ ነው። ካልቻልክ ጥራኝ።»

ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት፤ መስመሩን ወደ ውጭ አድርጌ፣ እንደሷ አጣጠፍ።